«ልጄ ክፍል ውስጥ አያርፍም፤ መድኃኒት ላስጀምረው ወይ?» ስለ ኤዲኤችዲ የጅማ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ጅማ ውስጥ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና አርፎ የመቀመጥ ችግር) እንዳለበት ከታወቀ ደግሞ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ወሬው ከተሰማ ወዲህ የወላጅ ስብሰባ ሲያልቅ፣ ለቅሶ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ሁሌም ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው አልኩ። ሐኪም አይደለሁም። የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው። እኔ የምጽፈው ሐኪሙ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊትና ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ስላለው ጣጣ ነው።

ኤዲኤችዲ ከተራ ቅብጥብጥነት በምን ይለያል?

ልጅ ሁሉ ይሮጣል፣ ይረሳል፣ እርሳስ ይጥላል። ሐኪሞች የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። ችግሩ ከ12 ዓመት በፊት ጀምሯል ወይ? ቢያንስ ስድስት ወር ቆይቷል ወይ? ቤትም ትምህርት ቤትም ይታያል ወይ? የልጁን ኑሮ እያበላሸው ነው ወይ? አራቱንም ይጠይቃሉ። በአንድ አስተማሪ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚረብሽ ልጅ ካለ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ክፍለ ጊዜውን ነው። (ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ።)

ሁሉም ደግሞ አይቀዠቅዥም። ጸጥ ብላ ተቀምጣ ሐሳቧ ግን የትና የት የሚሄድ ልጅ አለች። ማንንም ስለማትረብሽ ማንም አያያትም። ሴት ልጆች ብዙ ጊዜ በዚህ መልኩ ነው የሚያመልጡን።

በዓለም ደረጃ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ ላይ ይገኛል። 60 ተማሪ ያለበትን ክፍል አስቡት፤ ሦስት ልጅ ማለት ነው። በአብዛኛው በዘር የሚወርድ ነገር ነው፤ የአስተዳደግ ጥፋት አያመጣውም። ስኳር ያመጣዋል የሚባለውም ተጠንቶ ውሸት ሆኖ ተገኝቷል።

ሐኪም ጋ ከመሄዳችን በፊት ምን እናጣራ?

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ትኩረት የሌለው የሚመስል ልጅ ሌላ ነገር ይዞት ሊሆን ይችላል።

ጆሮውን አስመርምሩ። መግል እየፈሰሰው ከርሞ በደንብ የማይሰማ ልጅ «አይታዘዝም» ይባላል። ዓይኑንም አሳዩ። ከኋላ ወንበር ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ምን ይጻፍ? ሌሊት የሚያንኮራፋና አፉን ከፍቶ የሚተኛ ከሆነ ቶንሲሉ እንቅልፍ እየነሣው ሊሆን ይችላል። ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ቢፈዝ አይገርምም።

አንዱን በተለይ አደራ እላለሁ። ወሬ እያወራ ድንገት ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ ቀርቶ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ልጅ ካላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። አንድ የሚጥል በሽታ ዓይነት ልክ እንዲህ ነው የሚታየው፤ ሕክምናውም ፈጽሞ ሌላ ነው። ከዚህ በፊት ጭንቅላቱ ላይ የወጣ ከባድ ወባ ታሞ ከሆነም ንገሩ። ያ ሕመም ትኩረት ላይ ጠባሳ ትቶ ሊያልፍ ይችላል።

ጅማ ላይ ሌላም አለ፤ ቋንቋው። ቤት ውስጥ በአማርኛ ብቻ አድጎ በአፋን ኦሮሞ የሚማር፣ ወይም የተገላቢጦሽ የሆነ ልጅ፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሳይገባው ሊቀመጥ ይችላል። ያልገባው ልጅ ይሰለቻል፤ የሰለቸው ልጅ ይረብሻል።

ዕድሜውንም አስሉ። ገና በስድስት ዓመቱ ተገፍቶ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ከስምንት ዓመት ልጅ እኩል እንዲቀመጥ እንጠብቃለን። በብዙ አገር የተጠና ነገር ነው፤ ከክፍሉ በዕድሜ የሚያንሱት ልጆች ኤዲኤችዲ አለባቸው የመባል ዕድላቸው ከፍ ይላል። የልጅነት ነገር እንደ በሽታ ይቆጠርባቸዋል ማለት ነው።

ጅማ ውስጥ የት እንሂድ? «የአእምሮ ክፍል ሄደ» ተብሎ ስም አይወጣበትም?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሳይካትሪ ክፍል አለው። በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር ተጽፎላችሁ ብትሄዱ ይሻላል። የትምህርት ቤቱን ውጤት፣ ደብተሮቹንና አስተማሪው የጻፈው ነገር ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ፊት ልጁ እንደ መልአክ ጸጥ ሊል ይችላል፤ የኔው እንደዚያ አድርጎኛል። የሚመሰክርላችሁ ደብተሩ ነው።

ስም መውጣቱን በተመለከተ አልዋሻችሁም። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ቀን ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ነው የገባሁት። ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠችው የሰፈራችን ሴት ሆና አረፈችው። እሷም ተሸፋፍናለች። ሁለታችንም ሳቅን። ደግሞም ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ «ደደብ» እና «ሰነፍ» የሚሉ ስሞች ቀድመው ወጥተውለታል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው?

በዓለም ላይ በብዛት የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት ይባላል፤ ሪታሊን በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት አሉ። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ፣ ብዙ የተጠና መድኃኒት ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ሥራ ያጠናክራል። እነሱ ናቸው «አሁን ይህን ያዝ፣ ያንን ተው» የሚሉት። አጭሩ ዓይነት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምርና አራት ሰዓት ገደማ ይቆያል። ቀስ እያለ የሚለቀው ዓይነት ደግሞ አብዛኛውን ቀን ይይዛል። ሐኪሞች በትንሹ ጀምረው በየሳምንቱ እያዩ ይጨምራሉ።

ለእሱ የማይሆኑ ልጆች ሲኖሩ፣ ወይም መድኃኒቱ ሲጠፋ፣ ሐኪሙ ሌላ ሊያዝ ይችላል። አቶሞክሴቲን የሚባለው ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋል። ክሎኒዲን ደግሞ በድንገት አይቋረጥም፤ የደም ግፊት ያስነሳል።

«እንደ ጫት ነው» ይባላል እኮ። ልጄን ምርቃና ላስለምደው?

ይህን ጥያቄ ከሌላው ሁሉ በላይ እሰማዋለሁ፤ ጅማ ላይ ባይጠየቅ ነበር የሚገርመኝ። ጥያቄው ደግሞ የዋዛ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዘመድ ነው። ሜቲልፌኒዴትም አነቃቂ ከሚባሉት መድኃኒቶች ነው። ስለዚህ «ምንም አይገናኙም» ብላችሁ አያትየውን አታታልሉ።

የሚለያዩት በመጠንና በአካሄድ ነው። ጫት የሚቅም ሰው የሚፈልገው ምርቃናውን ነው። ስንት ካቲኖን እንደወሰደ አያውቅም፤ ቅጠሉ አዲስ ከሆነ ብዙ፣ ካደረ ትንሽ ነው። መድኃኒቱ በሚሊግራም ተለክቶ፣ በአፍ ተውጦ፣ ቀስ ብሎ ነው ወደ አንጎል የሚደርሰው። በትክክለኛው መጠን የሚወስድ ልጅ አይመረቅንም። ልጄን የመጀመሪያ ሳምንት «ምን ይሰማሃል?» ስለው «ምንም፤ ግን ቲቸር ዛሬ ቀስ ብላ አወራች» አለኝ። ቲቸሯ እንደ ወትሮው ነበር ያወራችው።

በልጅነት ይህን መድኃኒት በሐኪም ክትትል መውሰድ በኋላ ሱስ ውስጥ የመግባትን ዕድል እንደሚጨምር ጥናቶች አላሳዩም። ሱስ ውስጥ የመግባት ዕድልን ከፍ የሚያደርገው ኤዲኤችዲው ራሱ ነው። ምክንያቱን እዚሁ አይቼዋለሁ። ትምህርት ያቃተው ጎረምሳ ስምንተኛ ክፍል ሳይደርስ በርጫ ቤት ያገኘዋል። እዚያ «ደደብ» የሚለው የለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። መድኃኒት የሚወስድ ጎረምሳ ላዩ ላይ ጫት ከጨመረ ልቡም፣ ግፊቱም፣ እንቅልፉም ይቃወሳል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱን ቆልፉበት። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው ያለነው። ለፈተና ሌሊት ልንቃበት ብሎ የሚጠይቅ የዘመድ ልጅ ሊመጣ ይችላል።

ቡና ብሰጠውስ? እሱም ያነቃል።

በረካውን ለልጅ ማቅመስ ልማዳችን ነው፤ አልቆጣም። መድኃኒት ይሆናል ብላችሁ ግን አታጠጡት። ካፌይን ኤዲኤችዲ ላይ ይህ ነው የሚባል ውጤት አልታየበትም፤ እንቅልፉን ግን ይነሣዋል። ሜቲልፌኒዴት የሚወስድ ከሆነ ቡናና ጠቆር ያለ ሻይ ቀንሱለት።

ታዲያ ላስጀምረው ወይስ አላስጀምረው?

የማውቀውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ልጁ ከስድስት ዓመት በታች ከሆነ ስለ መድኃኒት አሁን አታስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአጠቃላይ ጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያም መድኃኒቱን ከስድስት ዓመት በላይ ለሆኑት፣ ያውም ስፔሻሊስት ተማክሮ ነው የሚለው። ለትንንሾቹ የሚቀድመው የወላጅ ሥልጠና ነው። አጭር ትእዛዝ መስጠት፣ ወዲያው ማመስገን፣ የቀኑን ሥርዓት አለመቀያየር። ስታነቡት ቀላል ይመስላል፤ ሲሠሩት ያደክማል።

ከስድስት በላይ ከሆነና ችግሩ ቀለል ያለ ከሆነ ወንበሩን መቀየር፣ የቤት ሥራውን መቆራረጥ፣ ከአስተማሪው ጋር መስማማት ይበቃው ይሆናል። አንድ ሴሚስተር ሞክሩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጁ አሁንም እየሰመጠ ከሆነ መድኃኒቱን ለመሞከር አትፍሩ። እየሰመጠ ስል ደረጃው ከ5ኛ ወደ 25ኛ ወረደ ማለቴ አይደለም። ማታ «እኔ እኮ አልረባም» ብሎ ሲያለቅስ፣ ጓደኛ ሲያጣ፣ መንገድ ሳያይ ባጃጅ ፊት ሲገባ፣ ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለ ትምህርት ቤት ሲጠላ ነው።

እኔ አንድ ዓመት ዘግይቻለሁ። ውሳኔው የዕድሜ ልክ ስለመሰለኝ ነው። አንዴ ካስጀመርኩት ማቆሚያ የለውም ብዬ ፈራሁ። ሐኪሙ «አንድ ወር እንሞክር፤ ካልጠቀመው እናቆማለን» ሲለኝ ነው ትከሻዬ የቀለለው። ሜቲልፌኒዴት የሚሠራው የወሰዱት ቀን ነው። ካልተስማማው ሐኪሙን አማክሮ ማቆም ይቻላል። እኔ ግን እንደ ኒካህ ቆጥሬው ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትጀምሩ ጠይቁ፦ «ይህ መድኃኒት ሳይቋረጥ ይገኛል? ዋጋው ስንት ነው? የጤና መድኑ ይሸፍነዋል?» እንደ ፓራሲታሞል በየፋርማሲው የሚሸጥ አይደለም። የእኔ ልጅ አንዴ ልክ ፈተና ሰሞን አልቆበት፣ ሦስት ፋርማሲ ዞሬ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው መፈለግ የምጀምረው።

መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

በዓይን አትፍረዱ። ወላጅ ተስፋ ሲያደርግ ያልተፈጠረ ለውጥ ያያል፤ ሲፈራም ያልተፈጠረ ጉዳት ያያል። ሳታስጀምሩ በፊት የሚቆጠሩ ሦስት ነገሮች ምረጡ። የእኛዎቹ እነዚህ ነበሩ፦ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከወንበሩ ስንት ጊዜ ተነሣ፣ ከሰሌዳ የገለበጠው ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ደርሷል ወይ፣ የቤት ሥራው ስንት ደቂቃ ፈጀ። ለአንድ ሳምንት ያለ መድኃኒት በደብተር መዘገብን። ከዚያ በመድኃኒት። የቤት ሥራው ከሁለት ሰዓት ወደ ሃምሳ ደቂቃ ወረደ። ከወንበር መነሣቱ ግን ያሰብኩትን ያህል አልቀነሰም።

ከአሥር ልጆች ሰባት ያህሉ ለዚህ ዓይነት መድኃኒት ጥሩ ምላሽ ይሰጣሉ ይባላል። ሦስቱ ውስጥ የእናንተ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ደብተሩ ያሳያችኋል።

ከመድኃኒቱ የማይጠበቀውንም ልንገራችሁ። ማንበብ የማይችል ልጅን ማንበብ አያስተምረውም፤ እንዲቀመጥ ብቻ ነው የሚያደርገው። ከዚያ በኋላ ፊደሉን የሚያስቆጥረው ሰው ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ 579 ልጆች የተሳተፉበትና በ1999 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ለ14 ወር በጥንቃቄ መድኃኒት የተሰጣቸው፣ በባህርይ ሥልጠና ብቻ ከታገዙት ይልቅ የኤዲኤችዲ ምልክታቸው ቀንሶ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሲታዩ ግን ያ ልዩነት ጠፍቷል። እኔ የተረዳሁት፣ መድኃኒቱ የሚገዛልን ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ምን እንደምናስተምረው የኛ ፋንታ ነው።

«ምግብ ይዘጋል፣ ያደነዝዛል» የሚባለውስ?

ምግብ መዝጋቱ እውነት ነው፤ ከሁሉ የተለመደው እሱ ነው። መፍትሔው ሰዓት ነው። መድኃኒቱን ከመዋጡ በፊት ጠንከር ያለ ቁርስ ይብላ፦ ገንፎ በቅቤ፣ ጨጨብሳ በማር፣ እንቁላል። ምሳ ላይ ባይበላ አትጣሉት። ማታ ሲለቀው ይርበዋል፤ ያኔ አቮካዶም ወተትም አቅርቡለት። በየሦስት ወሩ ክብደቱን አስመዝኑ፤ ቁመቱንም ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጉ። እድገትን በጥቂቱ ሊያዘገይ ስለሚችል ሐኪሙ ይህን ቁጥር ይፈልገዋል።

እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት፣ መድኃኒቱ ሲለቀው መነጫነጭም አለ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል የወሰደ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ይለቀዋል። ቤት ሲገባ ቢነጫነጭ ጠባዩ ተበላሸ አትበሉ፤ ምሳ ስጡትና ግማሽ ሰዓት ተዉት። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ከሆነ ሰዓቱ ስለሚለወጥ ለሐኪሙ ፈረቃውን መናገር አትርሱ።

መደንዘዝ ግን ምልክት ነው። ልጁ ሳቁን ካጣ፣ እንደ ሐውልት ከተቀመጠ መጠኑ በዝቷል ወይም አልተስማማውም። ጸጥ ያለ ክፍል የሚወድ አስተማሪ «ተሻለው» ሊላችሁ ይችላል። አልተሻለውም። ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።

ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ስለ ልቡ ጤና ተናገሩ። ሲሮጥ ራሱን ስቶ ያውቃል? ከቶንሲል የመጣ የልብ ሕመም አለበት ተብሎ ያውቃል? ከቤተሰብ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው አለ? ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት።

ሳዑዲ ያለች እህቴ ብትልክልኝስ?

ተዉት። ሜቲልፌኒዴት በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ያለ ወረቀት ሻንጣ ውስጥ ይዞ መጓዝ ብዙ አገር ያሳስራል። እህታችሁን ለአደጋ አታጋልጧት። በዚያ ላይ የተላከው ቀስ ብሎ የሚለቀው ዓይነት ይሁን አጭሩ በሳጥኑ ብቻ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ሁለቱ ደግሞ አይለዋወጡም።

ጸበል ወይም ሩቅያ ጀምረናል። መድኃኒቱን እናቁም?

አታቁሙ። ጸሎትና ዱዓ ከመድኃኒት ጋር አይጣሉም። ልጁን የሚመታ፣ የሚያስር ወይም የሚያስርብ ካለ ግን ይዛችሁት ውጡ።

አባቱ «እኔም እንደሱ ነበርኩ፤ አድጌ ተሻለኝ» ይላል።

ልክ ሊሆን ይችላል። ሲያድጉ የሚቀልላቸው አሉ፤ ከብዙዎቹ ጋር ግን አብሮ ያድጋል። እኔ ባለቤቴን «እስኪሻልህ ድረስ ስንት ትምህርት ቤት ቀየርክ?» ብዬው ነበር። ሦስት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሮኝ መጣ።

አስተማሪውን ምን ልበለው?

ይህን እንደ አስተማሪ ልመልስ። ልጄ ከመታወቁ በፊት እኔም እንዲህ ያሉ ልጆችን በር ላይ አንበርክኬያለሁ፤ «ወላጅ አምጣ» ብያለሁ። ክፋት አልነበረም፤ ስድሳ ልጅ ፊቴ ተቀምጦ ሌላ መላ አልታየኝም። ስለዚህ «ልጄን ተረዱልኝ» ብቻ ብትሉን ምን እንድናደርግ አይገባንም። የሚሠራ ነገር ጠይቁን።

ከፊት ወንበር ላይ፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡልኝ በሉ። ጠመኔ የሚያመጣ፣ ሰሌዳ የሚያጠፋ እሱ ይሁን፤ መነሣቱ ላይቀር በፈቃድ ይነሣ። አሥር ጥያቄ ከሚሰጠው አምስት ይስጡትና አምስቱን ይጨርስ። የዕረፍት ሰዓቱን በቅጣት አይውሰዱበት፤ ከማንም በላይ እሱ ነው መሮጥ ያለበት። በየቀኑ ደብተሩ ጀርባ ላይ አንዲት መስመር ይጻፉልኝ በሉ፤ አንዲት ብቻ። ከአንድ በላይ ከጠየቃችሁን በሦስተኛው ቀን እናቆማለን።

መድኃኒት እንደሚወስድ ልንገረው ወይ? የምታምኑት ከሆነ አዎ። ክፍል ፊት «መድኃኒትህን ዛሬ አልወሰድክም እንዴ?» የሚል ዓይነት ከሆነ አይሆንም።

ያንቺ ልጅ እስካሁን ይወስዳል?

በትምህርት ቀን ይወስዳል። ክረምት ላይ በሐኪሙ ፈቃድ አቁመን ቁመቱን እንለካለን። አሁን ስድስተኛ ክፍልን ጨርሷል፤ ክልላዊ ፈተናውንም ተፈትኗል። ባለፈው ሳምንት ቡና እየተፈላ «እማ፣ መስከረም ላይ አንድ ወር ያለሱ ልሞክር?» አለኝ። ሐኪሙን ጠየቅን፤ ይሁን አለ። የሚቆጠሩትን ሦስት ነገሮች በዚህ ጊዜ የመረጠው ራሱ ነው። ደብተሩም ተገዝቷል።